የዳቢሴ መዳብ

ሸዋአለም ጠላ ሻጯ ወሬውን መቼ እንደጀመረችው የሚያውቅ የለም። የጎባው ፈረንጅ ሐኪም ከአዴ ሽቶ ልጅ ሽንት መዳብ እያነጠረ ሳንቲም ያስመታበታል ነው ወሬው። ለመጀመሪያው ጣሳ «ይባላል» ብላ ትነግራለች፤ ጣሳው ሲደገም «ሰምቻለሁ» ይሆናል፤ ጠጪው ተነስቶ የሚሄድ ሲመስላት ደግሞ በዓይኗ እንዳየች ምላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የሮቤ ሰው ሥራ የፈታ ይመስል ወሬውን ከጠላ ቤት ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ገበያ አደረሰው። ገበያ የደረሰ ወሬ ባለቤት የለውም።

ክፋቱ ግማሹ እውነት መሆኑ ነበር። ሙሉ ውሸት ቢሆን ልጅቷ ዳቢሴ በአንድ ቃል ትቆርጠው ነበር፤ ምላሷ እንኳን ለሸዋአለም ለወረዳው ዳኛም የማይመለስ ነበር። ግን ከሽንቷ መዳብ ይወጣ ነበር። እንዲወጣም ነበር የምትጸልየው።

ዳቢሴ በአብዱልሃኪም ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበረች። ያስተማራት የለም። አብዱልሃኪም ከስልጤ አገር ሲመጣ ጭኖት የመጣውን የስፌት መኪና ሲያሽከረክር አይታ፣ ለጸሎት ሲነሳ በወንበሩ ላይ እየተቀመጠች ለመደችው። ፊደልም እንዲሁ ነው የለቀመችው፤ ከሳሙና መጠቅለያና ከዱቄት ጆንያ ላይ። ሰውየው በኋላ ቀሚስ ሲታዘዝ መኪናውን ለእሷ ለቆ እሱ ጨርቅ ወደ መለካቱ ዞረ። ከጎባ የባለሥልጣን ሚስቶች ሳይቀሩ እየመጡ ይለኩ ነበር። እሷም ታዲያ ወገባቸው ከዓምናው እንደሰፋ ሳትነግራቸው አትሸኛቸውም።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ቀኝ እጇ ነው። መርፌው ጨርቁን ትቶ ጣቷን ይወጋ ጀመር፤ ስፌቷ ከሸዋአለም ቤት እንደሚወጣ ሰው ግራና ቀኝ ይል ጀመር። ቀጥሎ ምላሷ ከበደ። ከተማው ሁሉ የሚፈራው ምላስ ውሃ ስጡኝ ለማለት እንኳ ሲተሳሰር፣ የሚያዝንላት በዛ። ያ ነው ከሁሉ የመረራት። ደንበኞቿ ጨርቃቸውን እያጣጠፉ ሲመልሱ «ጎበዝ ሰፊ ነበረች» ይባባሉ ነበር፤ እሷ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጣ እየሰማች።

አዴ ሽቶ ልጇን ጸበል ወሰደቻት፤ አዋቂ የተባለ ሰው ዘንድም ወሰደቻት። ጸበሉ ለነፍሷ ሳይበጃት አልቀረም። አዋቂው ግን በግ በላ እንጂ ምንም አላወቀም። በባሌ አመፅ ላይ የተከፈተው ዘመቻ በርዶ የጎባ መንገድ በደህና ሲከፈት፣ አብዱልሃኪም ስንዴ በሚጭን ካሚዮን ላይ አሳፍሮ ከጎባ በላይ ወዳለው የሚሲዮን ክሊኒክ ላካቸው።

ፈረንጁ ሐኪም በባትሪ ዓይኗን አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርቶ በየተራ አሳያቸው። የዓይኗን ጥቁር ዙሪያውን የከበበ፣ ወርቅም አረንጓዴም የሚመስል ቀለበት ነበር። ዳቢሴ እንደ ገበያ በሬ ጥርሷ እስኪታይ መጠበቅ ሰልችቷት፣ ለማየት የሚከፈል ከሆነ ድርሻዋን እንዲሰጧት ጠየቀች። ከመሃላቸው የሳቀው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ረጋሳ ብቻ ነበር። በዚያ በተሳሰረ ምላስ የተናገረችውን ከእናቷ ሌላ የሰማት ሰው እሱ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ነገሩን እሱ እንዲያስረዳት አዘዘው።

ረጋሳ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀለ ነገራት። ሰው ሁሉ ከእህሉ ጋር ትንሽ ትንሽ መዳብ ይበላል፤ ጉበት የተረፈውን ያስወግዳል። የእሷ ጉበት ግን ሲፈጠርም ማስወገጃው የተዘጋ ነው፤ እንደ ንፉግ ባለጸጋ ያጠራቅማል። ሲሞላበት መዳቡ ወደ አንጎል ይወጣል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ምላስ ያስራል፤ ዓይን ላይ ቀለበቱን ያስራል። በሚሊዮን ሰው መሃል ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ በሽታ ነው። መድኃኒቱ እንደ ባቄላ ቅርፊት ለሁለት የሚከፈት ክኒን ነው፤ መዳቡን ይዞ ከሽንት ጋር ያወጣዋል። በባዶ ሆድ ይዋጣል፤ ጉበት መብላት የለም።

«እስከ መቼ ነው የምውጠው?»

«እስከ ዕለተ ሞትሽ።»

«ባልውጠውስ?»

«ያም እስከ ዕለተ ሞትሽ ነው፤ ዕለቱ ይቀርባል እንጂ» አላት።

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጣት ሰው ካገኘች ቆይታ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሐኪሙ ራሱ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ ጣቱን እያነሳ ነገራት። ክኒኑ ከባሕር ማዶ በልመና የሚመጣ ነው፤ ብዙ የለም፤ የሚጠብቀውም ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ጥቂት ወራት ከዋጠች በኋላ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንቷ ተጠራቅሞ ይመረመራል። መዳቡ እየወጣ ከሆነ ክኒኑ ይቀጥላል። ካልወጣ ግን ክኒኑ ለሌላ ይሄዳል። ዳቢሴ ሕይወቷ በአንድ ዕቃ ሽንት ላይ እንደተንጠለጠለ የገባት ያኔ ነው። ለኩራተኛ ሰው ከዚህ የባሰ መንጠልጠያ የለም።

ረጋሳ በየሳምንቱ በክሊኒኩ ላንድሮቨር ወደ ሮቤ ይወርዳል። ቁስል ያክማል፣ ሕፃናት ይከትባል፤ ለዳቢሴ የሳምንቷን ክኒን ይሰጣታል፤ እጇን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አፍንጫዋ ላይ እንድታደርግ ያዛታል። መጀመሪያ ሰሞን ጣቷ አፍንጫዋን ስቶ ጉንጯን ይወጋ ነበር። ረጋሳ አፍንጫዋ ረጅም ስለሆነ መሳቱ እንደሚከብድ ሁሉ ይነግራታል፤ እሷም የእሱን አፍንጫ ለመሳት ዓይን መጨፈን እንደማያስፈልግ ትመልስለታለች። አዴ ሽቶ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ልጇ መልስ መስጠት መጀመሯ ከክኒኑ የበለጠ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ የገብስ አዝመራ በሚታጨድበት ወራት፣ ዳቢሴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥቁር ክር በጥቁር መርፌ አስገባች። በመጀመሪያ ሙከራዋ ነው። ማንም አላየም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። ክሩን አወጣችና እንደገና አስገባችው። ረጋሳ በመጣ ጊዜ መርፌዋን ከነክሩ ቀሚሷ ደረት ላይ ሰክታ ጠበቀችው። አየ፤ ጣትሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊ አላላትም። ሲወጣ ብቻ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ቢልክ ቤቱ ውሻ እንዳለው ጠየቃት። ውሻው እሷ መሆኗን፣ ሽማግሌዎቹም በሽታዋን እየጠቀሱ ጥሎሽ ለማስቀነስ እንዳያስቡ ነገረችው።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ረጋሳ ጎባ ላይ በደንብ የታጠበ ነጭ ጀሪካን ይዞ መጣ። ከንጋት እስከ ንጋት ነው አለ። የመጀመሪያው የንጋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንዲት ጠብታ ሳትቀር እስከ ማግስቱ ንጋት ይጠራቀማል። ብረት የነካው ዕቃ አይገባበትም። አዴ ሽቶ ይሄ ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

«በአይሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል አዴ፤ ከዚያም ባሕር ማዶ። እዚህ የሚለካበት መሣሪያ የለም።»

«ማን ነው የሚቀበለው?»

«እኔም አላውቃቸውም። ሐኪሞች ናቸው።»

አዴ ሽቶ ጀሪካኑን ዞራ አየችው። እሷ በተወለደችበት ሰፈር ሰው ጥፍሩን ቆርጦ አይጥልም፤ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፈዋል። የተላጨ ጸጉር ይቀበራል። ከሰው ገላ የወጣ ነገር በማይታወቅ እጅ ከገባ፣ ሰውየውም በዚያ እጅ ገባ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የልጇ ውሃ ከነመዳቡ ከደመና በላይ ሊሄድ ነው። ከአጥር ማዶ የሸዋአለም ድምፅ ይሰማል፤ ሳንቲሙ ላይ የንጉሡ መልክ እስኪታተም ደርሳለች። ዳቢሴ፣ እናቷ ወሬኛ ሰምታ እንዳትፈራ፣ በእሷ ሽንት የተሠራ ሳንቲም ቢወጣ መጀመሪያ የሚገዛበት የሸዋአለም ጠላ እንደሚሆን ነግራ አሳቀቻት። ወይም ያሳቀቻት መሰላት።

ያን ቀን ዳቢሴ ሥራ አልሄደችም። ጀሪካኑ ከጓዳው ጥግ ቆመ፤ እንደታዘዘችው ሁሉንም አደረገች። ማግስቱን ሲነጋጋ የመጨረሻዋን ጨምራ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ረጋሳ ሲደርስ አዴ ሽቶ ጀሪካኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ራሷ አስረከበችው። ልጄ ተጠንቅቀህ ያዘው አለችው። ዳቢሴ እናቷ በመጨረሻ ልቧ መለስ በማለቱ ተደሰተች።

መልሱ ወራት ቆይቶ መጣ። ሐኪሙ ዳቢሴን ጎባ አስጠራት። ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ከውጭ ከሳነቴ አምባ የሚወርድ ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሐኪሙ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ረጋሳ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱን አይታ ነገሩ እንደከፋ አወቀች።

ሐኪሙ መዳቡ እንዳልወጣ ነገራት። ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ፤ መድኃኒቱን ቀምሳው የማታውቅ ሰው ያህል። ክኒኑን ትውጪ ነበር ወይ አላት። አዎ አለች። በየቀኑ? በየቀኑ። ሽንቱ የራስሽ ነው? ዳቢሴ በዚህኛው ሳቀች፤ ሽንት ከጎረቤት መበደር እስካሁን እንዳልተጀመረ ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ብዙ ሰዎች ክኒን ዋጥሁ ብለው ምድጃ ውስጥ እንደሚጥሉ አይቻለሁ አለ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ይህን መድኃኒት የሚለምን ሌላ ሰው አለ አለ፤ እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር።

ዳቢሴ እጇን አየች። እጇ ጭኗ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ክኒኑ ሲቀር ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ «ነበረች» ሲሏት መስማት ነው። ከዚያም የባሰ አለ። ያም ሆኖ፣ ይኼ በኋላ ለራሷ እንኳ አጥርታ ያልነገረችው ነው፣ የዚያን ሰዓት ያቃጠላት ሞቱ አይደለም። ውሸታም መባሏ ነው። አንድም ቀን ሳታጎድል ውጣ ውሸታም መባል።

«እኔ የተሰጠኝን ውጫለሁ» አለች። «የተሰጠኝ ምን እንደሆነ የሰጠኝን ጠይቁት።»

 ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ወዴት እንደሄደ ያየችው። ክኒኑ ከጎባ ሮቤ በረጋሳ እጅ ብቻ ነው የሚያልፈው። ቅርፊቱ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ነው፤ ዱቄት ሁሉ ይመሳሰላል። ቆላ ደሎ መና ገበያ ላይ የፈረንጅ ክኒን ከሆነ ለምንም በሽታ ይሁን የሚገዛ ነጋዴ እንደማይጠፋ ጎባ የማያውቅ ሰው የለም። የሳምንቱን ክኒን ጨርሳው ስለመጣች ከፍተው የሚያዩትም አልቀረም።

ሐኪሙ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። ረጋሳ አንድ መውጫ ነበረው፤ ይህች ልጅ አልዋጠችም ማለት። ቢል ሐኪሙ ያምነው ነበር፤ ቀድሞም ያሰበው ያንኑ ነበርና። ረጋሳ ዳቢሴን ትንሽ አያት።

«እሷ አትዋሽም፣ ዶክተር» አለ። «ዋጥሁ ካለች ውጣለች።»

 ክኒኑን እንዳልነካ አልማለም፤ ቢምልም ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ ለማንም አልታየም። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት አሰናበተው። የወባ መርጫ ይዘው ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ጋር ሥራ አግኝቶ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ደሎ መና እንደወረደ ተሰማ። ፋሲካ መጣ፤ አለፈ። ሽማግሌ አልመጣም።

ዳቢሴ እዚያው ክሊኒክ እንድትተኛ ተደረገ። ክኒኑን የሐኪሙ ሚስት በገዛ እጇ አፏ ውስጥ እየጨመረች አዋጠቻት፤ ውሃዋንም እዚያው አጠራቀሙ። አዴ ሽቶ እየተመላለሰች በር ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ሁለቴ ልትናገር የፈለገች መስላ ጀምራ፣ ስለ ላሟ አውርታ ተመለሰች። የሁለተኛው ምርመራ መልስ ሲመጣ ሐኪሙ እጁን እያሻሸ ገባ። መዳቡ እንደ ጅረት እየወረደ ነው። ክኒኑ ይቀጥላል።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ረጋሳ እያለ መዳቡ አልወጣም፤ ረጋሳ ሲሄድ ወጣ። ከተማው ፈረደ። ሸዋአለም እንኳ የሳንቲሙን ወሬ ትታ የድሬሰሩን ጀመረች፤ ይኼኛው ባለማስረጃ ስለሆነ መማል አላስፈለጋትም። ዳቢሴም ስትጠየቅ ትነግራለች። ማንም ሳይጠይቃትም ነገራ ታውቃለች። ውሸታም ልትባል ተቃርባ እውነተኛ መሆኗ በባሕር ማዶ መሣሪያ የተመሰከረላት ሴት ባሌ ውስጥ ሌላ የለችም።

ዓመታት አለፉ። ምላሷ ተፈታ፤ ለብዙዎች ጉዳት። የዓይኗ ቀለበት እየሳሳ ሄደ። አብዱልሃኪም የስፌት መኪናውን ለእሷ ሸጠላት፤ ከሱቁ አጠገብ የራሷን ደጃፍ ያዘች፤ ሁለት ልጃገረዶች ስፌት አስተማረች። በየጊዜው ጎባ ወጥታ ትመረመራለች፤ ክኒኗንም ራሷ ተቀብላ ትመጣለች። በማንም እጅ አታስመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የማይተዋት። ብዙውን ጊዜ የሚመጣባት ክር በመርፌ ስታስገባ ነው። ያን ጥቁር ክር በጥቁር መርፌ ያስገባችው በገብስ አጨዳ ወራት ነው፤ ረጋሳ ክኒኑን ሲያመጣላት በነበረ ጊዜ። በክኒኑ ፈንታ የኖራ ዱቄት ስትውጥ ከነበረ እጇን ማን አጸናው? ይኼን ጥያቄ የዚያን ዕለት ጠባቧ ክፍል ውስጥም ታውቀው ነበር፤ እጇን አይታ ነበርና። አንዳንድ ቀን ለራሷ መልስ ትሠራለች፤ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ሸጦ ይሆናል ትላለች። ሌላ ቀን መልሱ አይሰፋላትም፤ የተቆረጠው ጨርቅ ለገላው ይጠባል። ያኔ መኪናውን ቶሎ ቶሎ ትረግጣለች። ልጃገረዶቹ ምን እንደነካት ሳያውቁ ወደ ጨርቃቸው ያጎነብሳሉ። ደሎ መና ሩቅ አይደለም፤ ካሚዮን በየሳምንቱ ይወርዳል። ሄዳ መጠየቅ ትችል ነበር። ግን ምን ብላ? ሌባ ከሆነ ሌባን መለመን ነው። ካልሆነ ደግሞ ያንን ፊት አይቶ የሚናገር ምላስ እሷ ዘንድ እንኳ የለም። ዘንድሮ እሄዳለሁ ብላ አስባ የማታውቅ አይደለም፤ ዘንድሮ ሁልጊዜ ያልፋል እንጂ።

አንድ ክረምት፣ ከደሎ መና ቡና ጭኖ የመጣ ነጋዴ አብዱልሃኪም ሱቅ ዝናብ ተጠልሎ ተቀምጦ ሲጫወት፣ የወባ ረጪዎቹ አለቃ የነበረው ረጋሳ በትኩሳት መሞቱን አነሳ። ደግ ሰው ነበር አለ። ሳያገባ፣ ሰው ሲያክም እንደኖረ፤ ለቀብሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራ ፈትቶ እንደዋለ ነገራቸው። አብዱልሃኪም አንገቱን ደፍቶ «ኢናሊላሂ» አለ። ዳቢሴ የያዘችውን ቁልፍ ተክላ ጨረሰች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ሱቋን ዘጋች።

ቤት ስትደርስ አዴ ሽቶ ስንዴ ትለቅም ነበር። ዳቢሴ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ ስለ ዝናቡ እንደምታወራ ሁሉ፣ ረጋሳ ሞተ አለቻት። አሮጊቷ ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። ብዙ ጊዜ ወስዶባት ተነሳችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ መቀነቷን ከላይ አሰረች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለዘመድ እንደሚደረገው።

ዳቢሴ ቆማ አየቻት። የሰው መድኃኒት ለሸጠ ሰው ደግሞ ነጠላ ይዘቀዘቃል እንዴ አለች። 

«አልሸጠም» አለች አዴ ሽቶ።

«አንቺ በምን አወቅሽ እማዬ?»

አሮጊቷ ለልጇ ሳይሆን ለሰፌዱ የምትናገር መስላ፣ ያኔ ብትናገር መድኃኒቱን ይከለክሏታል ብላ እንደፈራች፣ ከዳነች በኋላ ደግሞ የዳነን ነገር መንካት እንደከበዳት ነገረቻት። ከዚያ ቀና አለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያንቺን ውሃ ለማላውቀው ሰው እንዴት ብዬ እሰጣለሁ? አንቺ ፊትሽን ልትታጠቢ ስትወጪ ከአጥሩ ሥር አፍስሼ ቀበርሁት። ያን ዕለት ለረጋሳ ያስረከብሁት በቅል ያጠራቀምሁትን የኔን ነው።»